ሃያ ሰከንድ ተጭነው ይያዙ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ በኋላ፣ መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ሕልም አየሁ። የሌሊት ሕልም ቢሆን ኖሮ ለማንም አልናገርም ነበር። ይሄኛው ግን የሰፈር ወሬ ሆኗል፤ በሌላ ሰው አፍ ተጣሞ ከሚደርሳችሁ ከራሴ ስሙት።

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ያገለገለች ሆና ከዱባይ የመጣች ናት። ከመሐል ስፖኪዮዋ ሥር ሦስት ትንንሽ የሚጫኑ ቁልፎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ላይ የቤት ሥዕል አለ። የሸጠልኝ ደላላ «ይቺን ስትጫናት የግቢህ በር በራሱ ይከፈታል» አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ተጫንኳት። በሩን ሲከፍት የኖረው ግን ጋሽ አንለይ ነው።

ጋሽ አንለይ ዘበኛችን ነው። ነበር ልበል። ሁለት ጊዜ አጠር፣ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጌ ክላክስ ሳደርግ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ይከፍትልኛል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። ጡረታ ስወጣ ግን ሥልጣኔ አማረኝ። ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ሞተር ያለው ተንሸራታች በር አስገጠምኩ። ትንሿን የእግረኛ በር ሳይቀር አስበየድኳት፤ የሠለጠነ ሰው በትንሽ በር ይገባል እንዴ? ጋሽ አንለይንም በክብር አሰናበትኩት። ክብሩ አንድ ካፖርትና «በርታ» የምትል ቃል ነበረች። በማግስቱ አጥር የሚጋራን ጎረቤታችን አቶ ዘርይሁን ቀጠረው።

እንግዲህ ትናንት ለልጄ ለምንትዋብ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ አስካለ ይህችን ቀን በስለት ነው ያገኘኋት ትላለች። ከደብረ ብርሃን የሚመጡ ሦስት ሽማግሎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራችን ላይ ይቆማሉ። የሽማግሌን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። በር ላይ ቆሞ ያልተከፈተለት ሽማግሌ «አይሆንም ተባልን» ብሎ ነው የሚመለሰው። ሞተሩ ተበላሽቶ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። አስካለ ከእህቶቿ ጋር ጓሮ ድስት ላይ ስለነበረች «በሩ የአንተ ነው፤ ሞተር ሞተር ያልከው አንተ ነህ» ብላኝ ሄደች።

የእጅ ሪሞቱ ከሱሪዬ ኪስ ጋር አብሮ ታጥቧል። ሲደርቅ ሞተ። ሞተሩን ፈትቶ በሩን በእጅ መግፋት ይቻላል አሉ፤ መፍቻው ያለው ግን በሩን የገጠመው ሰውዬ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም። የቀረችኝ የመኪናዋ ቁልፍ ናት። ከበሩ ጋር ላስተዋውቃት ብዬ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ፣ የአስካለ እህቶች ጫጫታ እንዳይረብሸኝ መስኮቱን ዘጋሁ፣ መመሪያውን ገለጥኩ። «ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ቁልፎች፣ መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እስክትል ድረስ ሃያ ሰከንድ ተጭነው ይያዙ» ይላል። ተጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። ፀሐይዋ ደረቴ ላይ ናት፣ ምሳው ሆዴ ውስጥ ነው። አሥራ ሰባት ድረስ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ከግቢዬ ውጭ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። በሩ ክላክስ አደረገብኝ። ሁለት አጠር፣ አንድ ረዘም።

«የት ሄደህ ነው?» አለኝ በሩ። «ስንት ጊዜ ልጥራህ?»

«አቤት ጌታዬ!» ብዬ ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም። ወደ ታች ሳይ የዘበኛ ካፖርት ለብሻለሁ፤ እጅጌው አጥሮኛል።

«ክፈት!»

«ምኑን ልክፈት? በሩ እርስዎ ነዎት እኮ!»

«በሩ እኔ ከሆንኩ መክፈቻው አንተ ነህ። ስጫንህ ሥራ!» አለና ትከሻዬን ተጫነኝ። ምንም አልሆንኩም። እንደገና ተጫነኝ። አስነጠስኩ።

«ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ደመወዝ የበላው በምን ችሎታው ነው?» አለ በሩ፣ ለራሱ።

ዞር ስል መላው ሰፈራችን ተገልብጧል። በሮቹ ሁሉ ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ሥራ እየሄዱ ነው፤ የቆርቆሮዎቹ በታክሲ፣ የብረቶቹ በራሳቸው መኪና። በየግንቡ መሐል የቆሙት ሰዎች ናቸው። ጎረቤቴ አቶ ዘርይሁን እግሩ ሥር ጎማ ተገጥሞለት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል።

«እንዴት ነህ ዘርይሁን?»

«ተመስገን ነው፣ እየተንሸራተትኩ ነው። ትናንት ግሪስ ቀቡኝ።»

ቀናሁበት። እኔን ማን ይቅባኝ?

ያኔ ከአጥሩ ውስጥ የልጄ ድምፅ ተሰማኝ። «አባዬ፣ ሽማግሎቹ እኮ ገብተዋል! አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልገባህ አይሆንም ተባልን ብለው ሊሄዱ ነው!»

«መጣሁ ልጄ! አንድ ጊዜ!» አልኩ። አጥሩን ልዘል ብል አጥሩ ሸሸኝ። በሩን ብለምነው ፊቱን አዞረ።

«ይሄ ተበላሽቷል፤ ጥገና ውሰዱት» አለ።

የሚወስደኝን ስጠብቅ መኪናዬ መጣችና ጀርባዬ ላይ ወጣች። ቀበቶዋን አሰረች። «ቀስ እያልክ፤ ጉድጓድ አለ» አለችኝ። አራት ዓመት በየጉድጓዱ የጣልኳትን አልረሳችም። በየመንገዱ ላይ አምፖሎች ተሰብስበው ያማሉ።

«ዛሬም ሰው ጠፋ?» ይላል አንዱ።

«ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ደውለን ‹እየሠራንበት ነው› አሉን።»

«ባለፈው ሳምንት እንደዚሁ ሰው ጠፍቶ ስንት ነገር ተበላሸብኝ መሰለህ።»

እዚህ ነኝ ልላቸው አሰብኩ። ግን መኪና ተሸክሜ ወሬ አይመችም።

የጥገናው መሥሪያ ቤት ጋ ስንደርስ ሰልፉ አስፋልቱን አልፏል። የተሰለፉት ጸሐፊዎቹና ኃላፊዎቹ ናቸው። ማኅተማቸውን በእጃቸው ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ናቸው። አንዲት ድንች ሻጭ ሴትዮ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ሻይ ትጠጣለች።

«እባክሽ እመቤቴ፣ አንዲት ፊርማ ልፈርምልሽ» ይላታል የክፍል ኃላፊ የሚመስል ባለከረባት።

«ነገ ና» አለችው፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው። «ሲስተም የለም።»

«ትናንትም ነገ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ነገ ደርሷል? ዛሬ አይደለም እንዴ?»

ሰውየው እዚያው አለቀሰ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ደስ አለኝ። ሌላው ደግሞ የካፖርቴን ጫፍ ይዞ ተንበረከከ። «ጌታዬ፣ ጉዳይ አለዎት? ትንሽም ብትሆን! ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ አላመላለስኩም፣ ቤቴ ምን ብዬ ልግባ?»

«ቸኩያለሁ ወንድሜ፤ ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሎች ተቀምጠዋል» አልኩት። «ከልብ ከሆነ ማክሰኞ ጠብቀኝ።» ማክሰኞ እንደማልመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጥገና ክፍል የተቀበለኝ ለሽማግሎቹ ድግስ የገዛሁት በግ ነው። ነጭ ጋዋን ለብሷል፣ መነጽር አድርጓል።

«አንተ እኮ ጠዋት ታርደሃል» አልኩት።

«አዎ፣ ዛሬ ግማሽ ቀን ነው የምሠራው» አለኝ። ከዚያ እኔን ትቶ መኪናዬን ጠየቃት። «ችግሩ ምንድን ነው?»

«ሲጫኑት አይከፍትም። ክላክስ ሲሰማ ብቻ ያፈጣል።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስድሳ አንድ።»

«ኧረ በናትሽ! ለዚህ ሞዴል መለዋወጫ መምጣት ካቆመ ስንት ጊዜው!» አለና ምላሴን ጎትቶ አየ። «ባትሪው ደህና ነው። ሲያወራ ነው የጨረሰው እንጂ ኃይልስ አለው። እስቲ አጥፍቼ ላስነሳው።»

ሁለቱን ጆሮዎቼን ግራና ቀኝ ያዘ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩ።

«ሃያ ሰከንድ ተጭኜ እይዛለሁ። ዓይንህ ቶሎ ቶሎ ሲርገበገብ የድሮው ሁሉ ጠፍቷል ማለት ነው።»

«የድሮው ማለት?»

«ውስጥህ ያለው። ባዶ ካልሆንክ አዲስ ነገር አይገባህም።»

«ኧረ ቆይ! ቆይ እንጂ!» አልኩ፤ በጉ ግን መቁጠር ጀምሯል። ሰባት ላይ የመሥሪያ ቤቴ ስም ጠፋኝ፤ አልከፋኝም። አሥራ ሁለት ላይ የአለቆቼ ስም ተራ በተራ ሄደ፤ እንዲያውም ቀለል አለኝ። ሃያ ላይ ዓይኔ ተርገበገበ። በጉ ጆሮዬን ለቀቀኝ።

«አሁን ንገረኝ፤ የምትገባው ማን ጋ ነው?»

«ልጄ ጋ።»

«ማን ትባላለች?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ምላሴን ወደዚህ ብል ወደዚያ ብል ምንም የለም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሲከፋኝም ሲደላኝም የጠራሁት ስም ከቦታው ተነቅሎ ሄዷል። ፊቷ አለ፣ ሳቋ አለ፣ ስሟ የለም። እንዲህ ያለ ድንጋጤ በዕድሜዬ ደንግጬ አላውቅም።

«የልጄ ስም ጠፋኝ እኮ! አንተ በግ፣ የልጄን ስም አጠፋህብኝ እኮ!»

«ይጠፋል። መመሪያው ላይ ተጽፏል» አለ በጉ ተረጋግቶ። «አሁን የመጀመሪያው መክፈቻ ያስፈልገናል። አዲሱ የሚማረው ከአሮጌው ነው። ከአሮጌው ካልወሰድክ እንዲሁ ባዶህን ትኖራለህ። የት ነው ያስቀመጥከው?»

«አሰናበትኩት።»

«ምን?»

«አሰናበትኩት አልኩህ! ካፖርት ሰጥቼ!»

በጉ መነጽሩን አወለቀ። መኪናዬን አያት፤ መኪናዬም ራሷን ነቀነቀች።

«እኔን ነው እንግዲህ በግ የሚሉኝ» አለ።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ተመልሼ የግቢዬ በር ላይ ነኝ። ድሮ የጋሽ አንለይ በርጩማ የነበረበት ቦታ ላይ የሳሎኔ ሶፋ ተዘርግቷል። ጋሽ አንለይ የእኔን ሱፍ ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦበታል። ሱፉ ከእኔ ይልቅ እሱን አምሮበታል፤ ይሄ በሕልምም ያናድዳል።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ አንለይ፣ እንዴት ነዎት?» አልኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት «አንተ» ያልኩትን ሰው «እርስዎ» አልኩት።

«ማነህ?» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«ጌታነህ ነኝ። የዚህ ቤት ጌታ... የዚህ ቤት ሰው።»

«በምን ጉዳይ ነው?»

እጄን አጣምሬ እንደ ሽማግሌ ቆምኩ። «ለመልካም ነገር ነው የመጣሁት። እባክዎ አያሳፍሩኝ።»

«ቁጭ በል።»

«እሺ ሳይሉኝ አልቀመጥም።» ወጉ እንደዚያ ነዋ! ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ባለቤቱም ኧረ እባካችሁ ብሎ ይለምናል።

«ታዲያ ቁም» አለኝና ጋዜጣ ገለጠ።

ቆምኩ። ፀሐይዋ አናቴን በላችኝ። ከአጥሩ ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ሽማግሎቹ ሊነሱ ነው። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሽ አንለይ፣ የልጄ ስም ጠፍቶኛል!»

ጋዜጣውን አጠፈው። ያኔ ገና አየኝ።

«የትኛዋ ልጅህ?» አለ። «ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩን በሳንቲም ሦስቴ የምትመታው? ማትሪክ ያለፈች ቀን ከአንተ በፊት ለእኔ የነገረችኝ? ያመሸች ቀን ጫማዋን አስወልቄ፣ አባትሽ ተኝቷል ቀስ ብለሽ ግቢ ያልኳት? ያ ሽማግሌ የላከው ልጅ የመጀመሪያ ቀን ሲሸኛት ቁና ቁና ስትተነፍስ፣ ‹ጋሽ አንለይ ምን ይመስልዎታል?› ብላ የጠየቀችኝ?»

«እሷ ናት» አልኩ። አፈርኩ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ክላክስ ማድረግ ነው።

«ምን አሏት?» ብዬ ጠየቅኩት። «ስለ ልጁ ስትጠይቅዎ ምን አሏት?»

«አባትሽን ጠይቂው አልኳት። አባቴ የሚያየው ስፖኪዮውን ነው አለችኝ።»

ጋሽ አንለይ ከሶፋው ተነሳ።

«ቅረብ» አለኝ። «ሁለት ጣት እስኪቀረን ቅረብ፤ ከራቅክ አይሠራም።»

ቀረብኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመስታወት ውስጥ እጄን አንስቼለት ብቻ ያለፍኩትን ሰው በሁለት ጣት ርቀት አየሁት። ግራ ዓይኑ ላይ ሞራ አለ። መቼ እንደጀመረው አላውቅም። በጆሮዬ ስሟን ነገረኝ። ዓይኔ አንዴ ቦግ አለና ጸና።

«በል፣ ተምረሃል» አለኝ። «አሁን ሠላሳ ሰከንድ አለህ። ሞተሩ ጋ ሄደህ ስሟን ሦስት ጊዜ ጥራ። ሠላሳው ካለፈ እንደገና ከበጉ ነው የምትጀምረው።»

ሮጥኩ። ሞተሩ ከሶፋው ሦስት እርምጃ ነበር፤ ስሮጥ ግን እስከ ኮተቤ ራቀ። ሠላሳዎቹ ሰከንዶች ከጎኔ ይሮጣሉ። ሰባቱ ደከመን ብለው ጥላ ሥር ቁጭ አሉ፣ አራቱ ስብሰባ አለን ብለው ተለዩኝ። መኪናዬ ከኋላዬ «ፍሬን! ፍሬን!» ትላለች። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ቤቱ አድርገው፣ ኋላ ኋላ እየተራመዱ ይወጣሉ።

«አይሆንም ተባልን» ይላሉ፤ ሦስቱም በአንድ ድምፅ።

«ኧረ አልተባለም! ኧረ በእመብርሃን አባቶቼ፣ ቁሙልኝ! እሺ ብያለሁ! ሰጥቻለሁ!»

«ማንን?» አለኝ መሐለኛው።

«ምንትዋብን!» አንድ። «ምንትዋብን!» ሁለት። ሞተሩ ላይ ደርሻለሁ፣ እጄን ዘርግቻለሁ፣ ሦስተኛው አፌ ላይ ነው፣ በሩም ንቅንቅ ብሏል፤

«ጌታነህ! ኧረ አንተ ጌታነህ!»

አስካለ ናት፤ የመኪናውን መስኮት በማማሰያ ትደበድባለች። ላቤ እስከ ካልሲዬ ወርዷል። ጣቶቼ አሁንም ሁለቱ ቁልፎች ላይ ናቸው። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ይላል። በሩ እንደተዘጋ ነው።

«ሽማግሎቹስ?» አልኩ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? በሩን የያዝከው አንተ! አልመጡም። ልጄን ንቀዋት ቀሩ!» አለችና እዚያው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ምንትዋብ ከኋላዋ ቆማለች፤ ቀሚሷን ለብሳ፣ ተኳኩላ። ያኔ ስልኳ ጠራ። ልጁ ነው፣ በፍቃዱ። «እነሱም ይስሙልህ» ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ምንቴ! እሺ አሉ! አባትሽ እሺ አሉ!» ይላል በፍቃዱ፤ እየሳቀም እያለቀሰም ነው። «አጎቴ አሁን ደወለልኝ። አንድ ቀጠሮ እንኳ ሳይሰጧቸው! ገና ‹ልጅዎን ለልጃችን› ከማለታቸው ብድግ ብለው ተራ በተራ ሳሟቸው አሉ! አሁን ምሳ ቀርቦላቸው እየበሉ ነው። እኔ እኮ ቤቱ ይጠፋቸዋል ብዬ ስሰጋ ነበር። ጋሽ አንለይ የሚከፍትላችሁ በር ነው ብዬ ነገርኳቸው፤ ጠይቀው በአንዴ አገኙት!»

ምንትዋብ ስልኩን እንደያዘች እኔን አየችኝ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ከአቶ ዘርይሁን ቤት፣ እልልታ ተነሳ። ቀጠለ። አስካለ ማማሰያዋን እንደያዘች ጆሮዋን ወደ አጥሩ አዞረች።

«የዘርይሁን ሚስት ናት» አለች። «ልጃቸውን ሶስናን ዳሯት።»